ያልተዳረሰው ክፍል

ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ጠዋት ጠዋት ለባለቤቱ አንድ ነገር ይናገራል። ለአብዛኛው ሰው የሚናገረው «ደህና አድረዋል፤ ሁሉም ክፍል ታይቷል» የሚል ነው። ሰዉ ፊቱን እየታጠበ ይሰማዋል፤ ከለመደው በኋላ ደግሞ አይሰማውም። የሶልያና ቤት ግን የሚለው ሌላ ነበር።

«ደህና አድረሻል» ይላታል። «አንድ ክፍል አልታየኝም።»

በድምፁ ውስጥ ወቀሳ የለም። ዛሬ ጉም ወርዷል እንደማለት ነው። «አንቺ» የሚላት ባሏ ያፌት በሕይወት ሳለ እንዲያ ስላስለመደው ነው፤ እሷም ከዚያ በኋላ አላስተካከለችውም።

በየክፍሉ በር አናት ላይ የሻይ ሰሃን የምታክል ነጭ ማዳረሻ ተለጥፋለች። ሳሎኑ፣ መኝታ ቤቶቹ፣ ወጥ ቤቱ፣ መታጠቢያው፣ ኮሪደሩ ሁሉ ተዳርሷል። በድሮ ጊዜ ሰው ማዳረሻ የሚገዛው መኝታ ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት እየተቆራረጠ ሲያስቸግረው ነበር ይባላል። አሁን የሚገዛው ሰው ሆኖ ለመታየት ነው። ማዳረሻዋ ትንፋሽ ትሰማለች፣ እርምጃ ታውቃለች፣ የወደቀን ሰው ከተኛ ሰው ትለያለች።

ያልተዳረሰው ክፍል ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። የያፌት አባት ቤቱን ሲያሠሩ ከጦሳ ተራራ ወገን፣ አለቱን አስደግፈው፣ ለእህል ማስቀመጫ ያቆሙት ነው። ሰውዬው የሚፈሩት አይጥ ብቻ ነበር። ስለዚህ ግድግዳውን በጭቃ አስመርገው፣ ጭቃውን በቆርቆሮ ሸፍነው፣ ቆርቆሮውን መልሰው በጭቃ አስመረጉት። በሩንም በላሜራ አስለበጡት። አይጥ አልገባም። ከብዙ ዓመት በኋላ ሌላውም ነገር አልገባም። ኮሪደሩ ላይ ሁለት ጊዜ ጠንካራ ማዳረሻ ተተክሎ ተሞክሯል፤ ሽፋኑ በሩ ድረስ ይሄድና እዚያው ይቆማል።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ወንበር አለ፤ የያፌት ነው። ሶልያና በቀን አንድ ጊዜ ትገባለች። ትቆያለች። ትወጣና ፊቷን ትታጠባለች።

ይህ ነገር ለምን እንዳስፈለጋት ለመረዳት ስለ ቅሬው ማወቅ ያስፈልጋል። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ደሴ ቅሬ ይለዋል። ድሮ ቅሬው ጡሩምባ ነፊ ነበረው፤ ሰው ሲሞት ሰፈሩን እየዞረ ይነፋ ነበር። አሁን ጡሩምባው የሚነፋው በየሰዉ እጅ አንጓ ላይ ካለ ማሰሪያ ነው፤ ስሙ ግን አልተቀየረም። ትልቁ ጡሩምባ ለሞት፣ ለውድቀትና ለእሳት ነው። ትንሹ ለዕንባ ነው። አንድ ሰው በተዳረሰ ክፍል ውስጥ ሲያለቅስ ለቤቱ ቅርብ የሆኑ ሦስት ቅሬተኞች ይጠራሉ። የያዙትን ጥለው ይመጣሉ። ሊጥ የነካው እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ ግማሽ ጢማቸውን ተላጭተው ይመጣሉ። አጠገቡ ይቀመጣሉ፤ «አብሽር፣ አይዞህ» ይሉታል። ያልመጣ ቀሪ ይባላል፤ ቀሪ መባል ደግሞ ሆጤ ውስጥ ከሌባነት ብዙም አይሻልም።

ቅር ያለው ሰው አልተገኘም። ሐዘንተኛን ብቻውን መተው ከድሮም ነውር ነው። ቤቱ ያደረገው ነውሩ እንዳይፈጸም መጠበቅ ብቻ ነው።

መጀመሪያ አካባቢ ይሳሳት ነበር። የሶልያና ጎረቤት ሀያት ሽንኩርት ስትከትፍ ሦስት ጎረቤት በሯን በርግዶ የገባበት ቀን አሁንም ይወራል። «ወላሂ፣ ምን ላድርግ፣ ወጡን አብረን በላነው» ትላለች። አሁን ቤቱ የሽንኩርት ዕንባን ከሐዘን ዕንባ ይለያል።

ያፌት የሞተው መኝታ ቤቱ ውስጥ ነው፤ በደንብ በተዳረሰው ክፍል። ቅዳሜ ነበር፣ ከምሳ በኋላ ጋደም ብለው። ልቡ መቆሙን ከሶልያና በፊት ያወቀው ቤቱ ነው። እሷን የቀሰቀሳት የእሱ ትንፋሽ መቅረት ሳይሆን በገዛ እጇ አንጓ ላይ የተነፋው ትልቁ ጡሩምባ ነበር። የግቢው በር ራሱ ተከፈተ። ነጠላዋን ፈልጋ ሳታገኝ ሰዎች አልጋው ዙሪያ ቆመዋል። አንዱ ደረቱን ይጫናል፤ ሀያት እሷን በብብቷ ስር ይዛ ከአልጋው ታነሳታለች፤ ሌላው ለአምቡላንሱ መንገድ ያስለቅቃል። ሁሉም የሚገባቸውን አደረጉ፤ ማንም አላጠፋም። ሶልያና እጁን ልትይዘው ስትደርስ ሰውነቱ ቀዝቅዞ ተገንዞ ነበር።

በቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። ሰዉ መጀመሪያ «ደንግጣ ነው» አለ። በአርባው «ጠንካራ ናት» አለ። ከዚያ በኋላ «ዩኒቨርሲቲ ያስተማረች ሴት እኮ ናት» ማለት ጀመረ፤ ይህ ሙገሳ አልነበረም። ቤቱም የራሱን አለ። ዓመቱን ሙሉ በተዳረሱት ክፍሎች ውስጥ አንድም ዕንባ ስላላየ፣ ሐዘን ያለባቸው ቤቶች የግቢ በር ላይ የምትበራውን ትንሽ መብራት ቢጫ አደረጋት። ቢጫ ማለት ያልወጣ ሐዘን ማለት ነው፤ አረንጓዴ የወጣ። አላፊ አግዳሚው ያያታል።

ሙት ዓመቱ ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው የቅሬው ዳኛ ጋሽ ናሆም ሀያትን አስከትለው መጡ። ቤቱ መምጣታቸውን ተናግሮ ሲያበቃ እንኳ እሳቸው እንደ ድሮው ከበር ላይ ተጣሩ።

«ቤቶች!»

«ግቡ፣ ጋሽ ናሆም።»

«አይ፣ አልቆይም» አሉ፣ እየተቀመጡ።

«ጋሽ ናሆም አልቆይም ካሉ ራት መጣድ ነው» አለች ሀያት።

ጋሽ ናሆም ቀጭን፣ ሸሚዛቸውን እስከ አንገት የሚቆልፉ፣ ትምህርት ቤት ሲያስተዳድሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ባለቤታቸው ኤዶም ከያፌት በፊት ነው የሞተችው። ቤታቸው በቅሬው ውስጥ ለምሳሌ የሚጠቀስ ነው፤ የዶሮ ቤቱ ሳይቀር ተዳርሷል። ስለ አየሩ ተናገሩ፤ ስለ ድንኳኑ ተናገሩ። ከዚያ ከኮታቸው ኪስ አንድ ትንሽ ካርቶን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«ቅሬው ባዶ እጁን አይመጣም» አሉ። «አዲሱ ማዳረሻ ነው። ገመዱ በበር ስር ያልፋል፤ ቆርቆሮ የለ፣ አለት የለ። ክፍሉ ውስጥ ይለጠፋል፣ አለቀ።»

ሶልያና ካርቶኑን አየችው፤ አልነካችውም።

«እግዜር ይስጥልኝ። ግን እሱ ክፍል አይደለም፣ ጋሽ ናሆም። የዕቃ ማስቀመጫ ነው።»

«ወንበር አለበት።»

ሀያት ቀሚሷን አስተካከለች። «እኔ ነኝ የነገርኳቸው። በለቅሶው ወንበር ስንሰበስብ አይቼው። ቅር እንዳትይኝ።»

«ወንበር ያለበት ቦታ ሰው ይቀመጥበታል» አሉ ጋሽ ናሆም። «ሰው የሚቀመጥበት ደግሞ ክፍል ነው። ክፍል አይደለም ማለት የምችለው እኔ ነኝ፤ እሱንም ገብቼ በዓይኔ አይቼ። ያላየሁትን አልፈርድም። ወንበር ካየሁ ደግሞ ምን እላለሁ?»

«ከሙት ዓመቱ በኋላ ቢሆንስ?»

«ወይዘሮ ሶልያና» አሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የቀረን ይህ አንድ ክፍል ነው። ሰፈሩ ሁሉ ተዳርሶ ሙሉ ካልሆንን አምቡላንሱ ሌሎቹን ቅሬዎች አዳርሶ ነው ወደኛ የሚመጣው። እኔ ለራሴ አልልም።»

የሚሉት ለማን እንደሆነ ሶልያና ታውቃለች። የሀያት ባል ጀማል አስም አለበት፤ ዝናብ ሲገባ ይብስበታል። አሁን ሰኔ ነው። ሀያት ስለ ጀማል አንድም ቃል አልተነፈሰችም። መስኮቱን ነበር የምታየው።

«ለእርስዎም አስበን ነው» ቀጠሉ ጋሽ ናሆም። «ዓመት ሙሉ ቢጫ! ሐዘን እኮ ካልወጣ ይመርዛል። እዚያ ገብተው የሚያለቅሱ ከሆነ ብቻዎን ነዎት ማለት ነው። የማያለቅሱ ከሆነ ደግሞ ይባስ።»

«እርስዎስ? ከኤዶም በኋላ?»

«እኔ?» ጋሽ ናሆም ቀና ብለው ተቀመጡ። «እኔማ አልቅሼ ወጣልኝ። እኔ ሳለቅስ ሦስቱ ይመጣሉ፤ እኔ ሳለቅስ ሦስቱ ይመጣሉ። ሀያት ምስክሬ ናት። አንዴ ሱሪውን ገልብጦ ለብሶ የመጣም ነበር። አንድ ቀን ለቅሶው ቀረ።»

«እንዴት ቀረ?»

«ቀረ» አሉ። «በሬ ላይ አረንጓዴ በራ።»

ሀያት ከመስኮቱ ዓይኗን አልነቀለችም።

ካርቶኑን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። በሙት ዓመቱ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ባለበት፣ በራሳቸው እጅ እንደሚለጥፉት ተናገሩ። ስጦታ በአደባባይ ሲሰጥ ነው የሚያምረው። ሶልያና እስከ በር ሸኘቻቸው። ሀያት ወደ ኋላ ቀረት አለችና ክንዷን ያዝ አደረገቻት።

«ታውቂያለሽ፣ አይደል? በሌላ ቢሆን...»

«አውቃለሁ። ጀማል እንዴት ነው?»

«ያው ነው። ሌሊት ሲያፏጭ ያድራል፤ ባቡር አግብቻለሁ» አለች ሀያት፤ ሁለቱም ትንሽ ሳቁ።

በዚያ ሳምንት ሶልያና ሁሉንም አሰበችው። ወንበሩን አውጥታ መሬት ላይ ብትቀመጥስ? ኮሪደሩ ወንበሩ ሲወጣ ያያል፤ ሀያትም አይታዋለች። እምቢ ብትልስ? ጀማል አለ። መንገድ ላይ፣ ተራራ ላይ ሄዳ ብታለቅስስ? መንገዱ ተዳርሷል፤ ተራራውም እስከ ወገቡ። ከወገቡ በላይ ለመውጣት ደግሞ ጉልበቷ አይችልም። አንድ ቀን ክፍሉ ውስጥ ተቀምጣ ጨለማውን እያየች፣ በተዳረሰ ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትኖር ለማሰብ ሞከረች። ዕንባ ሲመጣባት ወደ ውስጥ መመለስን መልመድ አለባት። ሰዎች ይለምዱታል። ጋሽ ናሆም ለምደውታል።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ተደረገ፤ ከዚያ ሰዉ ወደ ቤት መጣ። ጉም ከጦሳ ወርዶ ድንኳኑ ላይ ተኝቶ ነበር፤ ብርድ ስለሆነ አብዛኛው ሳሎን ውስጥ ገባ። እንደ ወጉ ለክርስቲያኑም ለሙስሊሙም ለየብቻ ታርዶ በየድስቱ ተሠርቷል። እንደ ወጉ ደግሞ ሐዘንተኛ እጇን አታነሳም። ሶልያና ሳሎኑ መሃል ፍራሽ ላይ ተቀመጠች። በገዛ ቤቷ ሌሎች ሴቶች ቁም ሳጥኗን ከፍተው ሰሃን ያወጣሉ፤ ጨው የት እንዳለ ከእሷ ይልቅ ያውቃሉ። ብድግ ለማለት በሞከረች ቁጥር ሦስት እጅ ትከሻዋን ተጭኖ ያስቀምጣታል።

«ቁጭ በይ! ምን ጎደለሽ? እኛ ሞተናል?»

ከምሳው በኋላ ጋሽ ናሆም ተነሱ። ስለ ያፌት ተናገሩ፤ ዝምተኛና ቅን ነበር አሉ። ስለ ቅሬው ተናገሩ፤ አንድም ሰው፣ አንድም ክፍል ወደ ኋላ አይቀርም አሉ። ካርቶኑን ከፍ አድርገው አሳዩ። ጭብጨባ አይፈቀድምና ሰዉ «እሰየው» አለ። ከዚያ ሁሉም ወደ ሶልያና ዞረ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

ጋሽ ናሆም ወደ ኮሪደሩ ሄዱ። ከተቀመጠችበት እስከ በሩ ድረስ ይታያታል። በሩን ሲከፍቱ፣ ጎንበስ ብለው ሲገቡ አየች። ገመዱን በበሩ ስር ለማሳለፍ በሩ መዘጋት ነበረበት። በሩ ከውስጥ ተዘጋ።

ሰዉ ወሬውን ቀጠለ። የማዶው መንደር ቅሬ ድንኳኑ ያፈሳል ተባለ። ስለ በቆሎ ዋጋ ተነሳ። ሀያት ሰሃን እየሰበሰበች ሳለ ቤቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«አቶ ናሆም አልታዩኝም።»

«ሲለጥፉ ነው» አለ አንዱ።

«መመሪያውን እያነበቡ ይሆናል» አለች ሀያት። «ጋሽ ናሆም የሳሙና ወረቀት እንኳ ሳያነቡ እጃቸውን አይታጠቡም።»

ተሳቀ። ሶልያና በሩን ታይ ነበር። ገመድ ማሳለፍ፣ አንዲት ሰሃን መለጠፍ ይህን ያህል አይፈጅም። በበሩ ስር ገመድ አልወጣም።

ቤቱ እንደገና ተናገረ። አሁን ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

«አቶ ናሆም ከታዩ ቆዩ። አዛውንት ናቸው። ካልታዩ ትልቁን ጡሩምባ እነፋለሁ።»

ወሬው ቆመ። አንዳንዱ እጅ አንጓው ላይ ያለውን ማሰሪያ አየ። ጀማል ጥግ ላይ ከተቀመጠበት «ሰውዬው ወድቀው እንዳይሆን» አለ፤ ለመነሳት ግድግዳውን ያዘ።

ሶልያና ከሁሉም ቀድማ ብድግ አለች። እጆች ተዘረጉ።

«ፊቴን ልታጠብ» አለች። እንዲህ አይነት ነገር አይከለከልም። ኮሪደሩን አቋርጣ ጆሮዋን ላሜራው ላይ አደረገች።

መጀመሪያ የሰማችው ወንበሩን ነው። ሲጢጥ አለ። ከዚያ ሌላ ድምፅ፤ ጨርቅ አፉ ውስጥ የጎሰጎሰ ሰው ድምፅ። ቆም ይላል፤ አየር ይስባል፤ እንደገና። በመሃሉ አንድ ጊዜ ጨርቁ ሳያፍነው «ኤዶሜ» የሚል ወጣ፤ ሽማግሌ ሰው የማይጠራው አጠራር ነበር። ይህ የታመመ ሰው ድምፅ አይደለም። ሶልያና ድምፁን በደንብ ታውቀዋለች፤ ከዚያው ወንበር ላይ፣ ከራሷ ጉሮሮ።

«ምን ሆኑ?» ሀያት ከኋላዋ ቆማለች። ዓይኖቿ ፈጥጠዋል። «ልቤ ሊቆም ነው፤ ምን ሆኑ? ታመሙ?»

«ደህና ናቸው።»

«ታዲያ ለምን አይወጡም? ዞር በይ።»

ሀያት እጀታውን ያዘች። ሶልያና በሩና ሀያት መሃል ቆማ አንድ ነገር ታያት። በሩ ሲከፈት ኮሪደሩ አብሮ ይገባል። ቤቱ የጋሽ ናሆምን ትንፋሽ ይሰማል፤ ትንሹ ጡሩምባ ይነፋል፤ ሳሎን ያለው ሰው ሁሉ እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይገባና «አብሽሩ» ይላቸዋል። አረንጓዴ የበራላቸው፣ ወጣልኝ ያሉት ሰው። ባይከፈት ደግሞ ትልቁ ጡሩምባ ይነፋል፤ ወንዶቹ በሩን ይገነጥሉታል። ለሀያት እውነቱን ብትነግራት ሀያት መግባት ግዴታዋ ነው፤ ቅሬ ነዋ።

ቤቱ «አቶ ናሆም» ብሎ ጀመረ።

ሶልያና «ቆይ፣ እንዳትከፍቺ» ብላ ሀያትን አልፋ ወደ ሳሎኑ ተመለሰች። ፍራሹ ጋ ስትደርስ አልተቀመጠችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ ወገቧ ላይ አሰረች፤ የድሮ ሴቶች ሊያለቅሱ ሲሉ እንደሚያደርጉት። ሰዉ ምን እንደምታደርግ አልገባውም። ከዚያ አፏን ከፈተች።

«ያፌት!»

ሆጤ ውስጥ እንዲህ ያለ ጩኸት ከተሰማ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። በአንድ ቅጽበት በሦስት ሰው እጅ አንጓ ላይ ትንሹ ጡሩምባ ተነፋ። ሀያት ከኮሪደሩ እጀታውን ለቅቃ ሮጠች፤ ከሦስቱ አንዷ እሷ ናት። ሶልያና ደረቷን መታች፤ ሙሾ አውጥታ አታውቅም፤ ቢሆንም ወጣ፦

«ቀድሞኝ ገባ ሰዉ፣ እጅህን ሳልነካ፣
ደጅ ጠናሁ ዓመቱን፣ በቤቴ ውስጥ ለካ።»

የመጀመሪያዋን መስመር ሲሰሙ ሴቶቹ እንደ ወጉ ተቀበሏት። ሁለተኛዋ ላይ የሀያት ድምፅ ተቆረጠ። የቆመችበት ቀረች፤ ክንዶቿ ሶልያናን ሊያቅፉ እንደተዘረጉ። ያቺን ቅዳሜ ከአልጋው ያነሷት እነዚያ ክንዶች ናቸው። ከዚያ ሀያትም አለቀሰች፤ ጀማልም እያፏጨ አለቀሰ፤ የራሱ የሞተበት ሁሉ የራሱን እየጠራ ሳሎኑ በለቅሶ ተናወጠ። ጡሩምባ በጡሩምባ ላይ ተነፋ፤ ሁሉም የሁሉም ሦስተኛ ሆኖ ተጠራ።

ቤቱ ማን የት እንዳለ መቁጠር ጀመረ። እንደገና ጀመረ። ከዚያ ዝም አለ። ሶልያና ቤቱ ዝም ሲል ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

ያለቀሰችው ለማስመሰል ይሁን የእውነቷን፣ ከሰዉ መሃል የጠየቀ የለም። እሷም ራሷን አልጠየቀችም።

ለቅሶው ሲበርድ ጋሽ ናሆም ኮሪደሩ አፍ ላይ ቆመው ነበር። ሸሚዛቸው እስከ አንገት ተቆልፏል። ዓይናቸው ቀልቷል፤ የማን ዓይን ያልቀላ ነበርና ማንም ልብ አላለም። የኮታቸው ኪስ በካርቶን ቅርጽ አብጧል።

«ጋሽ ናሆም፣ አስደነገጡን እኮ!» አለ አንዱ አፍንጫውን እየጠረገ። «ተለጠፈ?»

«አይለጠፍም» አሉ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ገብቼ አየሁት። ክፍል አይደለም።»

«ወንበር አለ ተብሎ አልነበር?»

«ወንበር?» ጋሽ ናሆም መሬቱን አዩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ልጆችን ስለ ውሸት የገሠጹ ሰው ናቸው፤ ነገሩ በቀላሉ አልወጣላቸውም። «እግሩ የተሰበረ ነው። ሰው አይችልም። ሰው የማይቀመጥበት ደግሞ ክፍል አይባልም። ፈርጃለሁ።»

ሰዉ ወደ ሀያት ዞረ፤ አየሁ ያለችው እሷ ናት። ሀያት ጋሽ ናሆምን አየች። ከዚያ ሶልያናን ቆየት ብላ አየች።

«በችኮላ ነበር ያየሁት» አለች። «ተሰብሮም ይሆናል። እኔ እንኳን የወንበር፣ የጀማልንም እግር አልቆጠርኩም።»

ጀማል «ሁለት ነው» አለ። ሰዉ በዕንባው መሃል ሳቀ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ቅሬው ሙሉ ሆነ።

ሰዉ ሲበተን የግቢው በር ላይ ያለችው መብራት አረንጓዴ ሆና ነበር። የሚወጣው ሁሉ እያያት «ተመስገን፣ ወጣላት» ይላል። ሀያት ሶልያናን አቅፋ ልትስማት ተጠጋችና ተወች፤ እጇን ብቻ ያዘችላት፤ ቆየች፤ ሄደች። ጋሽ ናሆም መጨረሻ ቀሩ። በሩ አጠገብ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያዞሩ ቆሙ። ከራሳቸው በላይ ማዳረሻ አለች።

«ወንበሩ ሲጢጥ ይላል» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ሰው ይሰማዋል?»

«በሩ ላይ ጆሮውን ካላደረገ አይሰማውም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ባርኔጣቸውን አድርገው ጉሙ ውስጥ ገቡ።

ያን ዕለት ማምሻውን ሶልያና ወደ ክፍሉ ገባች። ወንበሩ ከቦታው ተነስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ተቀመጠችበት። እንደ ወትሮው ጠበቀች። ምንም አልመጣም፤ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ሳሎን ውስጥ፣ በሰው ፊት አልቆ ነበር። ቆይታ ወጣች። ፊቷን መታጠብ አላስፈለጋትም።

በማግስቱ ሳሎኑን ስታስተካክል ከምግብ ጠረጴዛው ወንበሮች አንዱን መረጠች፤ የማይጮኸውን። በኮሪደሩ ይዛው ሄደች፤ ያልተዳረሰው ክፍል ውስጥ ከያፌት ወንበር አጠገብ፣ ትንሽ አራርቃ አስቀመጠችው። በሩን ዘጋች።

ከዚያ በኋላ በነበረው ጠዋት ቤቱ እንደ ልማዱ ተናገረ።

«ደህና አድረሻል። ሁሉም ክፍል ታይቷል።»

ሶልያና ፎጣውን እንደያዘች ቆመች። ይህን ቃል ከዚህ ቤት ሰምታው አታውቅም፤ የጋሽ ናሆም ፍርድ ትናንት ተመዝግቦ መሆን አለበት። ቤቱ ግን አልጨረሰም።

«ከሳሎን አንድ ወንበር ጎድሏል።»

«አልጎደለም» አለች።

ቤቱ ያሰበ መሰለ። የበሩን መብራት ቢጫ ያድርጋት አረንጓዴ ይተዋት፣ ከሷ ቃልና ከራሱ ዓይን የቱን እንደሚያምን ገና አልወሰነም። መልሱን ሳይናገር ከግቢው በር ውጭ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ፤ ከዚያም የታወቀው ጥሪ።

«ቤቶች! አልቆይም።»